የሐብሐቡ ደብዳቤ እና ባዶው ፍሬም

ሥራ የጀመርኩ ዕለት አለቃዬ ሃንክ፣ «ቀጥ አድርገህ መቁረጥ ትችላለህ?» አለኝ። «አዎ» አልኩት። ይሄ እውነት ነበር፤ አዲስ አበባ ማተሚያ ቤት ጥራዝ ክፍል ውስጥ ወረቀት ስቆርጥ ነው ፀጉሬ መሸበት የጀመረው። «መስታወትስ?» አለኝ። «አዎ» አልኩ። ይሄ ውሸት ነበር። ከዚያ ክዳን ያለው፣ ትልቅ የልብስ መተኮሻ የሚመስል ማሽን አሳየኝና «ይሄንስ ታውቀዋለህ?» አለኝ። «በደንብ» አልኩት። «እስቲ አሳየኝ» ሲል ክዳኑን ከፍቼ ዘጋሁት። ከዚያ ወዲያ የማውቀው ነገር አልነበረም።

ሃንክ አልተቆጣም። በር የሚያክል የቴክሳስ ሰው ነው፤ ሲናገር አፉ ብዙም አይከፈትም። «ማክ፣ የማታውቀውን አላውቅም በል፣ የማትፈልገውን አልፈልግም በል። እዚህ ማንም አይሞትብህም» አለኝ። መኮንን ማለት ስላቃተው ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ማክ ሆኜ ቀረሁ። «እሺ» አልኩት። ለማንም ለምንም እሺ ማለት ልማዴ ነው።

ጊዜው በፈረንጅ የዘጠናዎቹ መጀመሪያ ነው። ሱቁ ዳላስ ውስጥ፣ ሌክ ሃይላንድስ ካለው አፓርታማችን ብዙም ሳይርቅ፣ በላውንደሪና በዶናት ቤት መካከል ነበር። የኛ ሥራ ሰው ያመጣውን ሁሉ ፍሬም ውስጥ ማስገባት ነው።

ፍሬም ሥራ ማዕረግ አለው። አዲስ የገባ ይጠርጋል፣ ስባሪ መስታወት ይለቅማል። ቀጥሎ መስታወት ይቆርጣል። ከዚያ እንጨቱን በሰያፍ እየቆረጠ ማዕዘኑን በሙጫና በምስማር ያጋጥማል። ከዚያ ማት ይቆርጣል፤ ማት የምንለው በሥዕሉና በመስታወቱ መካከል የሚገባውን ወፍራም ካርቶን ነው። ከሁሉ በላይ ፊተር አለ፤ እሱ ሁሉን ገጣጥሞ፣ ብናኙን አባርሮ ጀርባውን ያሽጋል። ከፊተር በላይ ሃንክ፣ ከሃንክ በላይ ደንበኛ። እኔ ይሄን መሰላል ቀስ ብዬ ወጥቼዋለሁ፤ መስታወቱ ላይ ግን ደም ከፍያለሁ።

ያኔ የሚመጣልን ነገር የኳስ ማሊያ፣ ዲፕሎማና የሰርግ ፎቶ ነው። አንድ ሰውዬ የሞተ ውሻውን የአንገት ማሰሪያ ፍሬም አስደርጎ ወሰደ፤ ሲረከብ አለቀሰ። እኔም ነፍስ ይማር ልል ምንም አልቀረኝም ነበር።

አበሾችም ይመጣሉ። የማርያምን ሥዕል ያመጡና «ጋሼ፣ መጋረጃ ይኑረው» ይሉኛል። ሃንክ ግራ ገብቶት፣ «መስታወት እያለው መጋረጃው ለምንድን ነው?» አለኝ።

«ሁልጊዜ እንዳይታይ» አልኩት።

«እንዳይታይ ከሆነ ለምን ይሰቅሉታል?» አለ። መልስ አጣሁ። የማውቀው ነገር ነው፣ ግን ሰው ጠይቆኝ ስለማያውቅ ቃል አላዘጋጀሁለትም።

ፊተር ከሆንኩ በኋላ በአንድ ቅዳሜ፣ ሙቀቱ አስፋልት ማቅለጥ በጀመረበት ሰሞን፣ አንዲት ጃፓናዊት ባልቴት ከልጃቸው ጋር መጡ። ወይዘሮ ፉሚኮ ይባላሉ። በእንግሊዝኛ አንቱ የለም፤ እኔ ግን በሆዴ አንቱ እያልኩ ነው ያወራኋቸው፣ ስለዚህ እዚህም እንደዚያው ይቆጠርልኝ። ልጃቸው ኬን ቴክሳስ ተወልዶ ያደገ፣ ሌዊስቪል የሚኖር ኢንጂነር ነው። ትሑት ልጅ ነው፤ በር ከፍቶ ነው እናቱን ያስገባው።

ወይዘሮ ፉሚኮ በጨርቅ የተቋጠረ ነገር በሁለት እጃቸው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ቋጠሮውን ሲፈቱት ጥቁር ሳጥን ወጣ። ጥቁሩ ሲከፈት ነጭ የእንጨት ሳጥን ወጣ። ነጩ ሲከፈት ጥቅል ወጣ። ሃንክ ሰዓቱን አየ። ጥቅሉ ሲዘረጋ በላይ በታች ሐር ነው፤ ከታች ጫፉ ላይ የሚጠቀለልበት ዘንግ አለው። መሐሉ ላይ በአግድም አንዲት ቀጭን ወረቀት ተለጥፋለች፤ ቀለሙ ጥቁር፣ ጽሕፈቱ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ።

«ደብዳቤ ነው» አሉ ወይዘሮ ፉሚኮ። «ከአራት መቶ ዓመት በፊት የነበረ የሻይ መምህር በገዛ እጁ የጻፈው።»

«የሻይ መምህር?» አለ ሃንክ። «ሻይ ደግሞ ምን ትምህርት አለው?»

«ዕድሜ ልክ» አሉ።

ሃንክ ራሱን ነቀነቀ። «ምን ይላል ታዲያ?»

«ስለላክህልኝ ሜሎን አመሰግናለሁ። ጣፋጭ ነበር። ሙቀቱ በርትቷል፣ ራስህን ጠብቅ። ይላል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ፊርማው።»

ሃንክ ደብዳቤውን እንደገና ጎንበስ ብሎ አየው፤ የቀረ ነገር ያለ መስሎታል። ሜሎን ያሉት ትንሿን ቢጫዋን ፍሬ ነው፤ እኔ ግን ቤት ሄጄ ሐብሐብ ብዬ ስላወራሁ በኛ ቤት እስከ ዛሬ የሐብሐቡ ደብዳቤ ነው የሚባለው። ወይዘሮ ፉሚኮ ወጣት ሳሉ የሻይ ሥርዓት ያስተማሯቸው ሴትዮ ልጅ አልነበራቸውም፤ እሳቸው አግብተው ወደ ቴክሳስ ሲመጡ ይሄንን ሰጥተው ሸኟቸው።

ኬን የመጡበትን ነገረን። አባቱ ሞተዋል። እናቱ ሜስኪት የሚባለው ከተማ ያለውን ቤታቸውን ለቀው እሱ ዘንድ ሊገቡ ነው። ሐሩ አርጅቷል፣ የሚሰቀልበት ገመድ ሳስቷል። «ሐሩን ቆርጣችሁ ጣሉና ደብዳቤውን ብቻ ቦርድ ላይ ለጥፉልኝ፤ መስታወት ይግባበት። ሳሎን እሰቅልላታለሁ፣ በየቀኑ ታየዋለች» አለ። ክፋት የለበትም። እናቱን ሊያስደስት ነው የመጣው።

ሃንክ ወደሳቸው ዞረ። «ማም፣ ይሁን?» አለ፤ ማም እዚያ ለትልቅ ሴት እመቤቴ እንደማለት ነው።

«አዎ። በጣም ጥሩ ነው። ልጄ ያውቃል» አሉ።

ሃንክ ትእዛዙን ተቀበለ። እኔ ግን እጃቸውን ነበር የማየው። መዳፋቸው የነጩ ሳጥን ክዳን ላይ ነው፤ ልጃቸው «እንሂድ» እስኪላቸው ድረስ አልተነሳም። ሃንክ፣ «ማክ፣ አንተ ትቆርጠዋለህ፣ አይደል?» አለኝ። «ኦኬ» አልኩ።

ለኛ ሰው ይሄን ማስረዳት አያስፈልገኝም። እሺ ብሎ የሚስማማ አለ፤ እሺ ብሎ ነፍሱ እንቢ የምትል አለ። አክስቴ ያገባችው በሁለተኛው ነው፤ ሰርጓ ላይ ግን እንደሷ የሳቀች ሙሽራ የለችም። ሃንክ ግን ሰው አዎ ካለ አዎ ነው ብሎ ያደገ ሰው ነው። አልፈርድበትም።

ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ለአልማዝ ነገርኳት። አልማዝ ነርሲንግ ሆም ነው የምትሠራው፤ ቀኑን ሙሉ አረጋውያን ስታነሳ ስታስተኛ ትውላለች። ትዕግሥቷን እዚያው ጨርሳው ነው የምትመጣው።

«ሴትየዋ አዎ ካሉ አንተ ምን አገባህ?» አለች።

«አዎ አላሉም።»

«አሁን አሉ አልከኝ እኮ!»

«አሉ። ግን እጃቸውን ብታይው አላሉም።»

«ኤጭ! ሶ አንተስ ለሃንክ ምን አልከው?»

«ኦኬ አልኩት።»

ጭልፋውን ማሰሮው ውስጥ ለቀቀችው። «ጉድ ነው እኮ! ሁለት የማይፈልጉ ሰዎች ተስማምተው መጡ። በል እጅህን ታጠብ፣ ራት ቀርቧል።»

ከዚያ በኋላ ያደረግኩት ነገር ቢኖር ምንም አለማድረግ ነው። ጥቅሉን ከመደርደሪያው ታችኛው ረድፍ አስቀመጥኩት። በየቀኑ ሌላ ሥራ ይመጣል፤ ማሊያ ይቀድማል፣ ዲፕሎማ ይቀድማል። ሃንክ «የጃፓኗ ነገር የት ደረሰ?» ሲለኝ «እየተሠራ ነው» እላለሁ። በገዛ እጄ የምሠራው ሥራ ላይ እንደ ቀበሌ ጸሐፊ ሆንኩ። ሌሊት እንቅልፍ የለኝም፣ ቀን ምግብ አይበላልኝም። ሐር አንዴ ከተቆረጠ አይመለስም፤ ወረቀቱም በዚያ በሚተኩስ ማሽን ቦርድ ላይ ከተጣበቀ አይላቀቅም።

አንድ የሥራ ቀን ወይዘሮ ፉሚኮ ብቻቸውን መጡ። መኪና የሚነዱት እጅግ ቀስ ብለው ነው፤ ከኋላቸው ያለው ሰው ክላክስ እሳቸውን ቀድሞ ደረሰ። ሃንክ ዕቃ ሊያመጣ ወጥቷል። ፓርክ አድርገው ገቡና ቆመው፣ «ተጀመረ?» አሉኝ።

«ገና ነው፣ ማም።»

«በጣም ዝግ ያልክ ሠራተኛ ነህ።»

«አዎ።»

«አመሰግናለሁ» አሉ።

ላየው እችላለሁ ወይ ብለው ጠየቁ። ጓዳ ወስጄ የግድግዳ ሰዓቱን አወረድኩና በሱ ምስማር ላይ ሰቀልኩላቸው። ወለሉ ላይ ንጹሕ ካርቶን አነጠፍኩ። ተንበርክከው፣ ሁለት እጃቸውን ከፊታቸው አድርገው ሰገዱ። እኔ ቆሜ ቀረሁ። ሰው ሲሰግድ ቆሞ ማየት ነውር ነው፤ ለምን እንደሚሰገድ ሳያውቁ መስገድም ነውር ነው። መሐሉን ይዤ አንገቴን ሰበር አደረግኩ።

ሲነሱ፣ «ማም፣ ለማን ነው?» አልኳቸው።

«ለጻፈው ሰው። ሻይ የተጠራ እንግዳ ሲገባ መጀመሪያ ለሱ ጎንበስ ይላል፤ ከዚያ ነው ሻዩ። ይሄ ደብዳቤ ሜሎን በሚደርስበት ሰሞን ይሰቀላል። ሰሞኑ ሲያልፍ ተጠቅልሎ ሳጥኑ ውስጥ ያርፋል።»

«በየቀኑ ቢታይ ምን ይሆናል?»

«በየቀኑ የሚታይ ነገር ግድግዳ ይሆናል» አሉ።

የማርያም ሥዕል መጋረጃ ትዝ አለኝ። ለሃንክ ያጣሁለት መልስ ይሄ ነበር።

ድፍረት አገኘሁና፣ «ታዲያ ለልጅዎ ለምን አይነግሩትም?» አልኳቸው። ገመዱን በጣታቸው አስተካከሉ።

«በልጄ ቤት እንግዳ ልሆን ነው» አሉ። «እንግዳ ግድግዳ አይመርጥም።»

ፊቴን አዙሬ ሰዓቱን ያለ ሥራው ወለወልኩት። ሰዓቱ ንጹሕ ነበር።

ማታ ለአልማዝ ስነግራት የያዘችው ነገር ሌላ ነው። «ሰገድክ? ለሐብሐብ?»

«አንገቴን ነው ዝቅ ያደረግኩት።»

«በጾም! በል ለንስሐ አባትህ አንተው ንገራቸው፣ እኔ የለሁበትም።» ከዚያ ነጠላዋን እያጣጠፈች፣ «እኔ ጋ ያሉት አሮጊቶችም እንደዚያ ናቸው» አለች። «ልጆቻቸው ሲመጡ ሁሉም ጥሩ ነው ይላሉ። ልጆቹ ሲወጡ እኔ ነኝ እንባቸውን የምጠርገው። ስማ፣ ለሃንክ ንገረው። አንተ ካልነገርከው እኔ ራሴ ኮል አደርግለታለሁ።» አልማዝ ሃንክን ኮል ከምታደርግለት እኔ ሥራ ባጣ ይሻለኛል።

ቅዳሜ ጠዋት ሃንክ ዶናቱን ይዞ ገባ። «ኬን ዛሬ ሊረከብ ይመጣል። አለቀ?»

«አልተጀመረም።»

«ለምን?»

ብዙ ንግግር አዘጋጅቼ ነበር፤ አንዱም አልመጣልኝ። «አልቆርጠውም» አልኩት። «አሮጊቷ አይፈልጉም። ብታባርረኝም አልቆርጠውም።»

ሃንክ አኝኮ ዋጠ። «ኦኬ» አለ።

«ኦኬ ምን?»

«ኦኬ፣ አትቁረጠው። የመጀመሪያ ቀን ምን አልኩህ?» ዶናቱን ጨረሰ። ያን ሁሉ እንቅልፍ ያጣሁበት ነገር አንድ ዶናት ሳያልቅ አለቀ። ተናደድኩበት፣ እውነቴን ነው።

እናትና ልጅ ሲገቡ ግን ሃንክ በራሱ መንገድ ሄደ። «ማክ አልቆርጥም አለ። እናትህ አይፈልጉም ነው የሚለው» አለው ኬንን፣ እሳቸው ቆመው እየሰሙ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሽማግሌ ተልኮ፣ ጥግ ተይዞ፣ በሦስት ቀን የሚነገረውን ነገር አፍርጦት አረፈ።

ኬን ደነገጠ። «እማዬ፣ አትፈልጊም?»

«እፈልጋለሁ። ጥሩ ነው» አሉ ወይዘሮ ፉሚኮ፣ ፈገግ ብለው።

ኬን ወደኔ ዞረ። «ትፈልጋለች።» ሃንክም ትከሻውን ነቀነቀ። «ደንበኛ ነው የሚያዘው፣ ማክ። አንተ ካልሆንክ እኔ እቆርጠዋለሁ።» ጥቅሉን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው፣ የብረት ማስመሪያውን ሐሩ ላይ አጋደመው፣ አዲስ ምላጭ የገባበትን ቢላ አነሳ።

በኛ አገር ዳቦ ሲቆረስ ታላቅ ቁጭ ብሎ ታናሽ ቢላ አያነሳም። ቤት ውስጥ ያሉት ትልቅ ሰው ባርከው የመጀመሪያውን ይቆርሳሉ፤ ከዚያ ሌላው ይከተላል። ይሄን በኋላ ሳወራው ብልጠት ነው የሚሉኝ አሉ። ብልጠት አልነበረም። አፌ ሲዘጋ እጄ ወደለመደው ሄደ፣ ይኸው ነው።

«ቆይ፣ ሃንክ» ብዬ ቢላውን ተቀበልኩት። እጀታውን ወደ ወይዘሮ ፉሚኮ አዞርኩና በሁለት እጄ ዘረጋሁላቸው። «ማም፣ ከዚህ ቤት ታላቅ እርስዎ ነዎት። እርስዎ ይጀምሩልን።»

በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ። ምላጩን አዩት። ደብዳቤውን አዩት። ኬን አሁን ፊታቸውን ትቶ እጃቸውን ማየት ጀመረ።

ከቦርሳቸው ትንሽ ጨርቅ አወጡና ምላጩን ጠረጉት። ቢላውን ከደብዳቤው ራቅ አድርገው አስቀመጡት። ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር ትክክል እንዲሆን በጣታቸው አቀኑት። ከዚያ እጃቸውን አጣመሩ።

«በጣም ጥሩ ቢላ ነው» አሉ። «በደንብ ተይዟል።»

ሃንክ ግራ ተጋብቶ፣ «ምን ማለታቸው ነው?» አለ።

አፌን ከመክፈቴ በፊት ኬን መለሰለት። «እንቢ ማለቷ ነው።» ጆሮው ድረስ ቀልቷል። «ዕድሜዬን ሙሉ እንቢ ስትለኝ ሰምቼ አላውቅም» አለ። እናቱን እያየ ቆየ። ስንት እሺ ትዝ እያለው እንደሆነ እሱ ነው የሚያውቀው።

ወይዘሮ ፉሚኮ ወደ መስኮቱ ዞሩ። «ሙቀቱ በርትቷል» አሉ።

«አዎ፣ እማዬ» አለ ኬን። «በርትቷል።»

ሃንክ ማስመሪያውን አነሳ። እንደሱ ላለ ሰው ይሄ ትልቅ ንግግር ነው።

ቀጥሎ ኬን የጠየቀን ነገር ቀላል ነው፤ ቤቱ ውስጥ ይሄን በሥርዓቱ የት ይስቀሉት? እኔም የማውቀው ፍሬም ብቻ ስለሆነ ፍሬም አልኩ። መስታወት የለው፣ ጀርባ የለው፤ ጥልቀት ያለው፣ ዋልነት የሚባል ቡናማ እንጨት፣ ከላይ አንድ ምስማር። በሰሞኑ ጥቅሉ ይሰቀልበታል፣ ሰሞኑ ሲያልፍ ይወርዳል። ሃንክ፣ «በቀረው ጊዜ ውስጡ ምን ይሆናል?» አለኝ።

«ባዶ» አልኩት።

«ባዶ ፍሬም።»

«መጋረጃው እሱ ነው በለው» አልኩት። አልገባውም፤ እንጨቱን ግን ራሱ መርጦ ቆረጠልኝ።

ልንገጥመው ሌዊስቪል ሄድን። ኬን ሳሎኑ መሐል ቆሞ እናቱን፣ «የት ይሁን?» አላቸው። ወይዘሮ ፉሚኮ እንደልማዳቸው፣ «የትም ጥሩ ነው» አሉ። ኬን ግን ተምሯል። መልሶ አልጠየቃቸውም፤ እርሳሱን በእጃቸው ሰጣቸውና ቆመ። እኛም ቆምን። ሃንክ መሰላሉን እንደተሸከመ ቆመ።

ብዙ ቆዩ። ከዚያ ሄደው ግድግዳው ላይ ትንሽ መስመር አሰመሩ። «እዚህ» አሉ።

ቴሌቪዥኑ ያለበት ግድግዳ ነበር። ኬን ቴሌቪዥኑን አነሳ።

በሜሎን ሰሞን ጠሩን። አልማዝ መንገዱን ሙሉ «እኔ ለወረቀት አልሰግድም፣ ቁርጥህን እወቅ» ስትለኝ ነው የሄድነው። ወይዘሮ ፉሚኮ ፍሬሙ ፊት ሲያጎነብሱ ግን እሷም ሳታስበው አብራ አጎነበሰች። ስንመለስ መኪና ውስጥ፣ «ለሰው ነው እንጂ ለወረቀቱ አይደለም» አለችኝ። «እሳቸውም ያሉት እሱን ነው» አልኳት። ሜሎኑ ጣፋጭ ነበር።

ከዚያ በኋላ ጡረታ እስክወጣ ብዙ ፍሬም ሠርቻለሁ። ባዶ የሠራሁት እሱን ብቻ ነው። ሥራውን ለምትጀምሩ የምነግራችሁ ይሄ ነው፤ ደንበኛ አዎ ስላለ ብቻ ቢላ አታንሱ። ቢላውን ስጡትና እጁን እዩ።